ነጂ የሌለው ባቡር

ኑርቶ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባቡር ነጂ የለውም። ይህን ያወቅኩት ሐሙስ ጠዋት ሽንኩርት ልገዛ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ነው። ካሌንደር ነው፤ ከላይ ትልቅ ፎቶ፣ ከታች ቀናቱ። ፎቶው ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ያሳያል፤ ያንን ባለ ቅስቱን፣ ያየው ሁሉ ውበቱን አውርቶ የማይጠግበውን። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ቆሟል። ከታች አሸዋው ላይ ኮትና ክራባት ያደረጉ ትልልቅ ሰዎች ተደርድረዋል፤ አንዱማ በዚያ ሙቀት ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። እኔ ከጆንያው ጀርባ አጎንብሼ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው ስለይ ኑርቶ አላየኝም። ኑርቶ ዕቃ ከመሸጥ ይልቅ ወሬ መቸርቸር የሚወድ ሰው ነው፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ለአንድ ደንበኛው እየሳቀ ይተርካል። «ባቡሩን አየኸው? እስቲ ነጂው የታለ በለኝ! የለም። ረዳቱ ዋበሪ ነው የነገረኝ፣ እሳቱን የሚያነደው። ያ ከአዲስ አበባ የመጣ ፈረንጅ ፎቶ አንሺ ነጂውን በአስተርጓሚ ‹ጭንቅላትህን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ጥላሸት የለበሰ ፊት ፎቶዬን ያበላሽብኛል› አለው። ሞሐሙድም አስገባ። ምን ያድርግ? ስንት ዘመን የነዳው ባቡር በራሱ የሚሄድ መስሎ ቀረ እኮ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

ሞሐሙድ ባሌ ነው።

ሽንኩርት በእጄ እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። ኑርቶ ሲያየኝ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረ። «ኤዶ! መቼ መጣሽ?» አለኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ አክስቱ ኤዶ ነው የሚለኝ። ባንኮኒውን ዞሬ ካሌንደሩ ሥር ቆምኩና አፍንጫዬ ወረቀቱን እስኪነካ ተጠግቼ ፈለግኩት። እውነቱን ነው። የነጂው መስኮት ጥቁር ባዶ ነው። ከፊት የተደረደሩት ሰዎች የጫማቸው ክር ሳይቀር ይታያል፤ የእኔ ሰውዬ ግን የለም። ኑርቶ አፍሮ የሽንኩርቱን ዋጋ ከኪሎው ላይ አምስት ሳንቲም ቀነሰልኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሽንኩርቱን እዚያው ጆንያው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ኑርቶ ከኋላዬ «ኤዶ፣ እኔ እኮ ክፋት አስቤ አይደለም!» እያለ ይጮሃል።

መንገድ ላይ የበላኝ ፈረንጁ አይደለም፣ ነጩ ሸሚዝ ነው። ሞሐሙድ ልብስ የማይመርጥ ሰው ነው፤ ያቀረብኩለትን ለብሶ ይወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከወራት በፊት፣ ማታውን መጥቶ «ያ ነጩ ሸሚዝ ንጹሕ ነው?» አለኝ። ገረመኝ። ለከሰል ጭስ ነጭ ሸሚዝ? አጥቤ፣ ልጄ ሃሊሞ በካውያ ተኩሳው፣ ኮሌታው ቀጥ ብሎ ቆሞ ለብሶት ወጣ። ሲመለስ «እንዴት ዋልክ?» አልኩት፣ «ደህና» አለኝ። ሸሚዙን ራሱ አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከታች ከተተው፤ ከዚያ ወዲህም አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ ለነጭ ሸሚዝ የሚያበቃ ምን ነበር ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ለካስ ሰውዬው ፎቶ ሊነሳ ነበር! እንዲህ ያለውን ነገር ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ከእኔ ጋር ሩዝ ሲበላ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል ሲያወራ ከርሟል። በመንገዱ ዳር ቆሜ ያለቀስኩት ለዚህ ነው፤ ንዴትም አለበት፣ አይካድም።

ደግሞ ቀኑ ያ ቀን መሆኑ! ሞሐሙድ ትናንት ወደ አዋሽ ሄዷል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ በቃ፣ መመለሻው የመጨረሻው ነው። በናፍታ የሚሄዱ አዲስ ባቡሮች መጥተዋል፤ ለእነሱ ወጣት ነጂዎች ተምረዋል። የእኔ ሰውዬ ከሰኞ ጀምሮ እዚሁ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፉርጎ ሲገፋ ሊውል ነው። ድልድዩን ከእንግዲህ አይሻገርም ማለት ነው። ድልድዩን እኮ አይቶትም አያውቅም! አንድ ጊዜ እንግዶች ቤታችን መጥተው ቅስቶቹን ሲያደንቁ «የሃሊሞ አባት፣ እውነት እንዲህ ያምራል?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ፤ ከላይ ሆኜ የማየው ሐዲድ ነው» ብሎኛል። እንግዲህ ዛሬ ካልሆነ መቼ? ከቀፊራ ቀጥ ብዬ ወደ ከዚራ፣ ፎቶ አንሺው ኢስሃቅ ጋ ወጣሁ።

ኢስሃቅ ፎቶ ቤቱን የከፈተው ከዚራ ውስጥ ትልልቅ ዛፎች ከሚያጠሉት መንገድ ላይ ነው። ክፍሉን ድሬዳዋ ውስጥ የማያውቀው የለም። ግድግዳው ላይ ባሕርና መርከብ የተሣለበት መጋረጃ፣ አጠገቡ ከእንጨት የተሠራ ዓምድ፣ ዓምዱ ላይ የማይሠራ ሰዓት። ሰዓቱ አራት ተኩል ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ የከተማችን ሙሽራ ሁሉ፣ የከተማችን ክርስትና ሁሉ፣ የከተማችን ኢድ ሁሉ አራት ተኩል ላይ ነው። በሩ ላይ ዋጋ ለጥፏል፤ ግማሽ አካል አንድ ብር፣ ሙሉ አካል አንድ ብር ከሃምሳ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሁለት ብር። ስገባ ወንበሩን እየወለወለ ነበር። «ኤዶ ፋዱማ! እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቁጭ በይ፣ ብርሃኑ አሁን ጥሩ ነው» አለኝ።

«እኔን አይደለም፤ ድልድይ ነው የምታነሳልኝ።»

ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። ኢስሃቅ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የካሌንደሩን ፎቶ አይቶት ኖሮ ነጂው መጥፋቱን ግን ልብ አላለም ነበር፤ በሙያው አፈረ። ሆኖም ወዲያው ሰበብ ይደረድር ጀመር። «ኤዶ፣ ድልድዩ ችግር የለውም። ድልድይ አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑን አይጨፍንም። ባቡሩ ነው! የእኔ ካሜራ ዝም በል ሲባል ዝም የሚለውን ነው የሚያነሳው። ባለፈው አንድ ልጅ ልክ ስጫነው አስነጠሰውና ሁለት ራስ ያለው ሆኖ ወጣ፤ እናቱ ልትደበድበኝ ነበር።» ባቡሩ ድልድዩ ላይ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ፣ ሕጉም እንደዚያ እንደሆነ ነገርኩት። «ቀስ ማለትና መቆም አንድ ነው?» አለኝ። ፊልምም የለኝም አለ፤ ያለችው አንዲት ናት፣ እሷም ከሰዓት ለምትመጣ ሙሽራ የተቀመጠች ናት አለ። እኔም ተነሳሁና በሩ ላይ ደርሼ «ደህና ዋል እንግዲህ። ለሃሊሞ ሠርግ ያንን ሌላኛውን ፎቶ አንሺ እጠራለሁ» አልኩት። የልጄ የሃሊሞ ሠርግ ከኢድ በኋላ ነው፤ የሁለቱ ወገን ዘመድ ከጅቡቲ እስከ ጂግጂጋ ይመጣል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ሙሉ አካል ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ ኢስሃቅ ያውቃል። «አቦ ኤዶ! ከመቼ ወዲህ ነው እኔና አንቺ እንዲህ የምንባባለው?» አለ፤ አፉ ይህን ሲል እጁ የካሜራውን ሦስት እግር እያጣጠፈ ነበር።

እቃውን እስኪያሰናዳ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ቤቴ ደረስኩ። ሃሊሞ በረንዳ ላይ የአባቷን ቁምጣ ትተኩሳለች። ከአልጋው ሥር ሳጥኑን ስቤ ከፈትኩና ልብስ መምረጥ ያዝኩ። እንግዲህ ፎቶ አንሺ ይዤ ስሄድ በቤት ልብስ አልሄድም፤ ምናልባት እኔም ጥግ ላይ ብወጣስ? በመጨረሻ አጎቴ ከኤደን ያመጣልኝን ቀዩን ሻሼን መዘዝኩ፤ ሰፊ፣ ሐር የመሰለ፣ ከሩቅ የሚጣራ ቀይ። ሃሊሞ ካውያውን ይዛ ቀና አለች። «እማ፣ ቀዩን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዋ ቀይ አማራት ብላ ያላገጠች መሰለኝና «አዎ ቀዩን፤ ገና መቼ አረጀሁ!» ብያት ወጣሁ። ልጅቷ ምስኪን ሌላ ነገር ነበር የፈለገችው። በእኛ ቤት ሐዲድ አጠገብ ቀይ አይለበስም። ቀይ ጨርቅ ያየ ነጂ አደጋ አለ ብሎ ፍሬን መያዝ ግዴታው ስለሆነ፣ ሞሐሙድ ሃሊሞ ገና በእግሯ ሳትሄድ ጀምሮ ይህን ሲያስተምረን ኖሯል፤ ጣቢያ ምሳ ስወስድለት እንኳ ከላይ እስከ ታች ያየኝ ነበር። የሼሚኖ ሚስት፣ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሆኜ ይህን መርሳቴ! ግን ንዴት ሲይዘኝ እንኳን ቀዩን የራሴንም ስም እረሳለሁ።

ስም ካነሳሁ አይቀር፣ ባሌ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሲያገባኝ «ስሚ» ነበርኩ፤ ልጅ ስወልድ «የሃሊሞ እናት» ሆንኩ። በእነሱ ቤት ሚስትን በስም፣ ያውም በሰው ፊት፣ መጥራት ነውር ነው። አባቱም እናቱን እንደዚያ ነበር የሚያደርጋት፤ ሴትዮዋ ስትሞት ግማሹ ቀብር ሟችዋ ማን እንደምትባል አያውቅም ነበር። እኔ አልከፋኝም፤ ተለምዷል። ደግሞ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ የሚጮኸው በባቡሩ ነው። ከተማው ሲቃረብ ፉጨቱን ሁለቴ ያስረዝምና መጨረሻዋን ቆረጥ ያደርጋታል። ሌላ ነጂ እንደዚያ አያደርግም። እሷን ስሰማ ምድጃ ላይ ድስት እጥዳለሁ፤ ትዳራችን በዚች ፉጨት ነው የተዳደረው ማለት ይቻላል።

እስከ መልካ ጀብዱ የወሰደን እህል ሊጭን ባዶውን የሚሄድ ካሚዮን ነው። ሹፌሩ እኔን ከፊት አስቀመጠኝ፤ ኢስሃቅ ከኋላ ካሜራውን በጥቁር ጨርቁ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተቀመጠ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር «ያ ረቢ!» ሲል ይሰማኛል። ከመልካ ጀብዱ ወዲያ አንድ ጋሪ ለሃምሳ ሳንቲም ተስማምተን ተሳፈርን፤ መንገዱ አሸዋ ሲሆን ፈረሱ እምቢ አለና የቀረውን በእግራችን ሄድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኢስሃቅ የከዚራ ልጅ ነው፣ ከጥላ ወጥቶ አያውቅም፤ በየመቶ እርምጃው ቆሞ «ኤዶ፣ ሙሽራዋ አሁን በሬ ላይ ቆማ ትረግመኛለች» ይላል። «ትርገምህ፤ እሷ ገና ስንት ፎቶ ትነሳለች» እለዋለሁ። አንዲት ኮረብታ ዞርን፤ ኢስሃቅም ወዲያው አፉን ዘጋ።

ድልድዩ ከፊታችን ነበር። እኔም ከባቡር መስኮት እንጂ ከሥር አይቼው አላውቅም። ደረቁን ወንዝ ከዳር እስከ ዳር በቅስት በቅስት እየረገጠ ተሻግሮታል። ድንጋዩ ተጠርቦ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጧል፤ ፀሐይ ሲነካው ቀላ ይላል፤ ከቅስቶቹ ሥር ወፎች ይገባሉ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር በረሃ መሃል ማን ያየዋል ብሎ ነው ሰው እንዲህ የደከመበት? ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ለሞሐሙድ አዘንኩ። አንድ ቤት ጣራ ላይ ዕድሜውን ጨርሶ ሳሎኑን ሳያይ የሚወጣ ሰው መሰለኝ።

ከቅስቱ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ግመሎቹን አሳርፎ ተቀምጧል። ኦብሲዬ እባላለሁ አለን። ኢስሃቅ ካሜራውን ሲተክል ዓይኑን አልነቀለም። በመጨረሻ «ድልድዩ ምን አጠፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካስ እሱ የሚያውቀው ፎቶ ፖሊስ ጣቢያ ሌባ ሲያዝ የሚነሳውን ነው። ሳቅ እያፈነኝ ድልድዩ ንጹሕ መሆኑን፣ የፈለግነው ነጂውን እንደሆነ አስረዳሁት። «ነጂው ነው ያጠፋው?» አለ። ከጮጮው የግመል ወተት ሰጠን፤ ኢስሃቅ ሙሉውን ጠጥቶ ጢሙን ጠረገ። ከዚያ ኦብሲዬ አንድ ነገር አለ። «ያ ከሰዓት የሚመጣው ረጅሙ ነጂ ነው? እጁን የሚያወዛውዝልኝ? እሱማ ወዳጄ ነበር። እዚህ ሲደርስ እስከ ደረቱ ወጥቶ ‹ወሪያ!› ብሎ ሰላም ይለኝ ነበር። አሁን ግን ትቶታል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ አንገቱን ያስገባል። ታሞ ነው ብዬ ነበር።»

ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አወቅኩት። የነጭ ሸሚዙ ቀን ነው። ሰውዬው አንድ ጊዜ አስገባ ተባለና እዚያ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ያስገባል! እንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ያንኑ ባዶ መስኮት ላስነሳ ነው። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ኢስሃቅ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ራሱን አውጥቶ «ምን ልሥራ ታዲያ፣ ኤዶ?» አለኝ። «አንተ መስኮቱን ብቻ ጠብቅ» አልኩት። ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም ነበር።

ፉጨቷ መጣች። ሁለቴ ረዘመች፣ መጨረሻዋ ቆረጥ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድስት ሳልጥድ ሰማኋት። ከዚያ ጭሱ፣ ከዚያ ራሱ ባቡሩ ኮረብታውን ዞሮ ወጣ፤ ሞሐሙድ እስከ ደረቱ በመስኮት ወጥቷል፤ ከሩቅ አየሁት፣ ወላሂ፣ ደልደል ብሎ። ኦብሲዬ ተነስቶ ዱላውን አወዛወዘ። ባቡሩ ቀስ አለ። የፊት ጎማው ድልድዩን ሲነካ፣ ልክ ኦብሲዬ እንዳለው፣ ባሌ እንደ ኤሊ አንገቱን ሰብስቦ ገባ።

ደሜ ፈላ። «ውጣ! ውጣ አንተ ሰውዬ!» እያልኩ ሮጥኩ። በዚያ ሁሉ ብረት ጩኸት ማን ይሰማኛል? ሻሼን ከራሴ ገፍፌ በሁለት እጄ ይዤ እያውለበለብኩ በአሸዋው ላይ እዘላለሁ፤ እሱ እንዲያየኝ ነው፣ ሌላ ምንም በልቤ የለም። ያን ጊዜ ነው የፍሬኑ ሲቃ የተሰማኝ፤ ለካስ አንገቱን ቢያስገባም ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። ብረት በብረት ላይ ጮኸ፤ ፉርጎዎቹ እርስ በርሳቸው ተጋጩ፤ ወፎቹ ሁሉ ከቅስቶቹ ሥር ወጥተው ሰማዩን ሞሉት። እጄ ላይ ያለውን አየሁት። ቀይ። ያ ረቢ! የአዋሹን ባቡር በሙሉ፣ ከነሰዉ ከነሻንጣው፣ ድልድይ መሃል አቁሜዋለሁ።

ሞሐሙድ እስከ ወገቡ በመስኮት ወጣ። ፊቱ ጥላሸት፣ ዓይኑ ብቻ ነጭ፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተሰበረ ሐዲድ፣ የወደቀ ድንጋይ፣ የሞተ ሰው ሲፈልግ አየሁት። ከዚያ ከታች አሸዋው ላይ ሚስቱን አያት። አፉን የቻለውን ያህል ከፈተና «ፋዱማ!» ብሎ ጮኸ።

ከቅስቶቹ ሥር ድምፁ ተመለሰ፤ ፋዱማ፣ ፋዱማ። እኔ ሻሹን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ስሜ ያን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከኋላዬ ኢስሃቅ «አይንቀሳቀሱ!» አለ፣ ልማዱ ነው፤ ባቡሩም፣ ባሌም፣ እኔም፣ ግመሎቹም አልተንቀሳቀስንም። ጠቅ አደረጋት።

ከዚያ በኋላ ያለው ግርግር ነው። በየመስኮቱ ራስ ወጣ፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ ኮንትሮለሩ ከኋላ ፉርጎ ወርዶ እየተሳደበ መጣ። ሞሐሙድ ደግሞ አደጋውን ሊያጣራ ግዴታው ነውና ወርዶ ቁልቁለቱን ተንሸራቶ ደረሰ። ልመታ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በሕይወቱ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ግን ባቡርም አቁሜበት አላውቅም። «ቀይ!» አለኝ ሻሹን እያመለከተ። «ሐዲድ አጠገብ ቀይ!»

«አንገትህን እንድታወጣ ነው» አልኩት። «የኑርቶን ካሌንደር አይቼዋለሁ።»

እኔን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ ላቡ እየወረደ የቆመውን ኢስሃቅን አየ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ መሄጃ አጣ። ዓይኔን ላለማየት ዞር አለ፤ ሲዞር ድልድዩ ከፊቱ ተገተረ። ቀና አለ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አየው፤ መሃሉ ላይ ጭሱን እየተፋ የቆመውን የራሱን ባቡር አየው። «ይሄ ነው እንዴ?» አለ። «ይሄ ነው» አልኩት። «በዚህ ላይ ነበር የምሄደው?» ብሎ ኮንትሮለሩ እየጮኸ ሳለ ቅስቱ ሥር ገባና ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰው። የእጁ ጥቁር ማኅተም እዚያ ቀረ። ከዚያ እንደ ልጅ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ ላዩን እያየ ሳቀ፤ ጥርሱ በሙሉ ታየ።

ኮንትሮለሩ «የቆምንበት ምክንያት ምንድነው? የምጽፈው ምን ብዬ ነው?» ሲል ሞሐሙድ ዙሪያውን ቃኘና «ግመል» አለ። ኦብሲዬ ወዲያው ከአፉ ተቀብሎ «የእኔ ናት፤ ያቺ ነጯ። ባለጌ ናት፣ ስንት ጊዜ መክሬያታለሁ!» ብሎ ማለ። ነጯ ግመል ተኝታ ታመነዥካለች። ሞሐሙድ ኦብሲዬን በሁለት እጁ ጨብጦ «ወሪያ!» አለውና ወደ ላይ ወጣ። እኔና ኢስሃቅም ተሳፈርን። ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ቦታ አልነበረም፤ ስገባ ግን ሴቶቹ ተጠጋግተው አስቀመጡኝ። አንዲት ዶሮ የታቀፈች አሮጊት «ፋዱማ ማለት አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «የእኔ ሰውዬ እንዲህ አድርጎ ከጠራኝማ እኔም አውሮፕላን አስቆማለሁ!» ስትል ፉርጎው በሳቅ ተናጋ። እስከ ድሬዳዋ ድረስ ውኃ ያለው «እንኪ ፋዱማ»፣ ብርቱካን ያለው «ያዢ ፋዱማ» እያለኝ መጣሁ። ጣቢያ ስንደርስ ሞሐሙድ አጠገቤ መጥቶ «የሃሊሞ እናት፣ እንሂድ» አለኝ። ፊቱን በሻሼ ልጠርግለት ብዘረጋ «ተዪው፣ ቤት እታጠባለሁ» አለና እንደዚያው ጥላሸቱን ለብሶ በመሃል ከተማ አብሮኝ ሄደ።

ኢስሃቅ ፎቶውን አሳድጎ አጠበው። ሙሽራዋ ተቆጥታ ወደ ሌላ ፎቶ አንሺ ባትሄድበት ኖሮ ገንዘብም አይቀበለኝም ነበር። ድልድዩ ከነቅስቱ፣ ባቡሩ ከነጭሱ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ባሌ እስከ ወገቡ ወጥቶ አፉን ከፍቶ። እኔ ጥግ ላይ አለሁ፤ ሻሹ ግን ጥቁር ሆኖ ነው የወጣው። አንዱን ቤት ሰቀልን፣ አንዱን ኑርቶ ለምኖ ወስዶ ካሌንደሩ ላይ ሰካው፤ ትልልቆቹ ሰዎች ከሥር ቀሩ፣ የሚታዩት ቀናቱ ብቻ ናቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀፊራ ወርጄ እዚያው ጆንያ ጀርባ አጎንብሼ ሽንኩርት ስለይ ሞሐሙድ ከሥራ ወጥቶ ሲጋራ ሊገዛ ገባ። አላየኝም። አንድ ደንበኛ ፎቶውን እያየ «ይሄ ነጂ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለ። ኑርቶ ለመተረክ እጅጌውን ሰበሰበ። «ተሳፋሪዎቹን እየተቆጣ ነው። አንገታችሁን አስገቡ ነው የሚለው!» አለ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሞሐሙድ አልሳቀም። ሲጋራውን ኪሱ ከተተና ፎቶውን ትንሽ ቀና ብሎ አየው።

«አይደለም» አለ። «ፋዱማ ነው የምለው። ሚስቴ ናት።»

ብሎ ወጣ። እኔ አልተነሳሁም። ከጆንያው ጀርባ እጄ ያገኘውን እያፈስኩ ዘንቢሉን ሞላሁ፤ ቤት ስደርስ ሃሊሞ ግማሹ የበሰበሰ ነው ብላ ጮኸችብኝ።